ነጻ ሞዴስ በመሀል አዲስ አበባ

ነጻ የሞዴስ አቅርቦት ማለት በሕዝብ መጸዳጃ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በጤና ተቋም ወይም በመሥሪያ ቤት ውስጥ የወር አበባ ንጽህና መጠበቂያ ያለ ክፍያ ማስቀመጥ ነው። የቸገራት ታነሳለች። አትከፍልም። አትፈርምም። ለምን ብሎ የሚጠይቃትም የለም። መታጠቢያ ላይ ሳሙና ሲቀመጥ ማንም እርዳታ ነው አይልም። የቤቱ ዕቃ ነው። ሞዴስም እንደዚያው የቤቱ ዕቃ ይሁን የሚል ሐሳብ ነው።

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከስታዲየም እስከ ለገሃርና ሜክሲኮ ባለው የከተማው እምብርት ይህ ገና አልተለመደም። ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም። በትምህርት ቤቶች አለ። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ሴቶቹ ራሳቸው አዋጥተው ያስቀምጣሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ በካርቶን ተጭኖ ሲታደል በቴሌቪዥን እናያለን። የጎደለው በተራ ማክሰኞ፣ መንገድ ላይ ድንገት ለመጣባት ሴት የሚደርሰው ነው።

ስሙና ሹክሹክታው

ሞዴስ የንግድ ስም ነበር። የአሜሪካው ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያወጣው ምርት ነው። እኛ ዘንድ የዕቃው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ዛሬ "ሞዴስ አለ?" የምትል ሴት የትኛውንም ዓይነት ብትሰጧት ትወስዳለች። በደብዳቤና በዜና ላይ "የንጽህና መጠበቂያ" ይባላል። የምን ንጽህና እንደሆነ አይናገርም። ወጣቶቹ "ፔሬድ" ይላሉ። የቆዩት ሰዎች "አደፍ" የሚል ቃል ነበራቸው፤ ቃሉ ራሱ እድፍን ያስታውሳል። ከሁሉም "የወር አበባ" ይሻለኛል። አበባ ብሎ መሰየም ክብር አለው።

ስሙ አበባ ይሁን እንጂ ሱቅ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ወንድ ገዢ ቆሞ ከሆነ እስኪሄድ ትጠብቃለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቃለች። ባለሱቁ በጋዜጣ ይጠቀልልላታል፤ ወይም በጥቁር ፌስታል ያደርግላታል። ዳቦ በእጅ ተይዞ በሚኬድበት ሰፈር ሞዴስ ይሸፈናል።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ነጻ ሞዴስ የት ይቀመጥ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይጀምራል። ከፍላ ለመግዛት የምታፍር ሴት፣ በነጻ ስጡኝ ብላ ዘበኛ ወይም ጸሐፊ ፊት አትቆምም። ሳይጠይቁ የማይገኝ ነገር ዋጋው ዜሮ ቢሆንም ነጻ አይደለም።

ስንት ያስፈልጋል?

በአዋቂ ሴት የወር አበባ ዑደት ከ21 እስከ 35 ቀን ይወስዳል። ደሙ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። የሚፈሰው በአብዛኛው ከ80 ሚሊ ሊትር በታች ነው። ሁሉም ቢጠራቀም አንድ ስኒ ቡና ቢሞላ ነው። ትንሽ ቢመስልም አንድ ሞዴስ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር አለበት። 5 ቀን፣ በቀን 4 ብለን እናስላው። 20 ፍሬ ይመጣል። አንዱ እሽግ 10 ከያዘ በወር 2 እሽግ ነው። እናትና ሁለት ሴት ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ 6 እሽግ። በአንድ ደሞዝ ለሚተዳደር ቤት ይህ ከዘይትና ከሽሮ ጋር የሚፎካከር ወጪ ነው። መጀመሪያ የሚቀነሰውም እሱ ነው። በምትኩ ጨርቅ ይመጣል፣ ሶፍት ይታጠፋል፣ አንዱ ሞዴስ ቀኑን ሙሉ ይዋልበታል።

"ቀኑን እያወቀች ለምን አትይዝም?" የሚል ሰው አይጠፋም። ዑደቱ ግን ሁልጊዜ ቀን አይጠብቅም። በተለይ ማየት በጀመሩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ይዛባል። ጭንቀትና ሕመምም ያዛቡታል። ሳትዘጋጅ የመጣባት ሴት ሰነፍ አይደለችም።

ለምን መሀል ከተማው?

ምክንያቱም ሰው ከቤቱ ርቆ የሚውልበት ነው። ጀሞ ወይም አያት የምትኖር ሴት ሳይነጋ ታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። ስትመለስ መሽቷል። በመካከሉ አሥራ ሁለት ሰዓት አለ። ቤቷ ያስቀመጠችው እሽግ በዚያ ሰዓት አይጠቅማትም።

ቢሮና መሳቢያ ያላት እንደምንም ትወጣዋለች። የማይወጡት ብዙ ናቸው። ጎዳናውን በሌሊት የሚጠርጉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። መኪና የሚያቆሙ፣ ሶፍትና ማስቲካ ይዘው የሚዞሩ፣ በግንባታ ቦታ ድንጋይና ሲሚንቶ የሚያመላልሱ የቀን ሠራተኞች አሉ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከክፍለ ሀገር ታማሚ ይዘው የመጡ አስታማሚዎች አሉ። ለሁለት ቀን ብለው መጥተው ሁለት ሳምንት ይቆያሉ፤ የያዙት ገንዘብ ለመድኃኒት ነው። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ሲያነቡ የሚውሉ ተማሪዎች አሉት። ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ ያሉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ቤተሰባቸው ሩቅ የሆነ ሴት ተማሪዎችን ይዘዋል።

የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ራሱ ለረጅም ጊዜ ብርቅ ነበር። የነበሩትም ወጣቶች በማህበር ተደራጅተው፣ ጥቂት ብር እያስከፈሉ የሚያስተዳድሯቸው ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዋና ዋና መንገዶች ዳር አዳዲስ መጸዳጃ ቤቶችን ይዞ መጣ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በር የሚዘጋበት ክፍል ከሌለ ሞዴሱን በነጻ ብታገኝም መቀየሪያ የላትም። ግድግዳው ከቆመ ግን ሳጥን ማንጠልጠል ከባድ አይደለም።

አሁን ያለው

ከሁሉ የተሻለው በትምህርት ቤት ያለው ነው። የሴት ተማሪዎች ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሞዴስ ያስቀምጣሉ። አንዳንዶቹ ሆዷን ለቆረጣት ልጅ አልጋ ያለው ማረፊያ ክፍል አዘጋጅተዋል። በሚኒ ሚዲያ ስለ ወር አበባ የሚያወሩም አሉ። ወንዶቹም አብረው ይሰማሉ። ችግሩ አቅርቦቱ በለጋሽ መንጠልጠሉ ነው። ካርቶኑ ሲያልቅ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ቁልፉም ብዙ ጊዜ አንዲት መምህርት ጋ ነው። እሷ ከቀረች ክፍሉ ተቆልፎ ይውላል።

ከተማ አስተዳደሩ በ2012 ዓ.ም. ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምግብ ማቅረብ ጀመረ። ከዚያ አሠራር የምወደው አንድ ነገር አለ። ለሁሉም ስለተሰጠ ማን ድሃ እንደሆነ አይለይም። ሞዴስ ሲታደል ግን "የተቸገሩ ተማሪዎች" ተብለው ስማቸው የሚጠራ ልጆች አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥቂቶች ነበሩ።

ሞዴስ በብዛት የሚታደልባቸው ሁለት ቀናት የካቲት 29 እና ግንቦት 20 ናቸው። የመጀመሪያው የዓለም የሴቶች ቀን ነው። ሁለተኛው የዓለም የወር አበባ ንጽህና ቀን ነው። ዋሽ ዩናይትድ የተባለ የጀርመን ድርጅት አስጀምሮት እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በየዓመቱ ሜይ 28 ይከበራል። 28 የተመረጠው የዑደቱን አማካይ ቀን ለማሳየት ነው። አምስተኛው ወር ደግሞ ደም የሚቆይባቸውን 5 ቀናት ያመለክታል። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ደርግ በወደቀበት ግንቦት 20 ላይ አርፏል። የቁጥሩ ትርጉም በዚያው ጠፋ። ቀኑ ይከበር፣ ጥሩ ነው። የግንቦት ካርቶን ግን መስከረም አይደርስም።

ችለን እናውቃለን

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ። በሳምንታት ውስጥ በየባንኩ፣ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ በር ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ሳሙና ቆመ። በጀት የለም ያለ አልነበረም። ማን ይሞላዋል ብሎ የተከራከረም አልነበረም። ኮንዶምም በኤች አይ ቪ ዘመቻው ጊዜ በጤና ተቋማት በነጻ ሲሰጥ ኖሯል። ያኔም ስለ ወሲብ በአደባባይ ማውራት ነውር ነበር። ነውሩ አላስቆመውም።

በሌላው ዓለም

ስኮትላንድ በዚህ የዓለም ቀዳሚ ናት። ሕጉ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በፓርላማ ጸደቀ፤ በኦገስት 2022 ሥራ ላይ ዋለ። የአካባቢ አስተዳደሮችና የትምህርት ተቋማት ለማንኛውም ለሚያስፈልጋት ሰው ምርቱን በነጻ ማቅረብ አለባቸው። እኔን የሚገርመኝ "በነጻ" የሚለው ብቻ አይደለም። በቀላሉ የሚገኝ ይሁን፣ ክብርን የጠበቀ ይሁን፣ ምርጫ ይኑረው ብሎ ጽፏል። ሕጉን የገፉት ሞኒካ ሌነን የተባሉ የፓርላማ አባል ናቸው።

ከጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 በሞዴስ ላይ የነበረውን ተጨማሪ እሴት ታክስ አነሳች። በ2017 ደግሞ መንግሥት ለተማሪዎች በነጻ እንዲያቀርብ በሕግ ደነገገች። ሩዋንዳ በየትምህርት ቤቱ የልጃገረዶች ክፍል አላት። ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በትምህርት ቤቶች፣ በመጠለያዎችና በማረሚያ ቤቶች ግዴታ አደረገችው። እኛ ጋ የሕዝብ ቦታዎችን የሚያስገድድ አዋጅ የለም።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. በሞዴስ ላይ የነበረውን የጉምሩክ ቀረጥ ከ30 ወደ 10 በመቶ አወረደ። ለአገር ውስጥ ፋብሪካዎችም የጥሬ ዕቃ ቀረጥ አነሳ። ጥሩ እርምጃ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ግን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ብር ዋጋው ወረደ። እዚህ የሚመረተውም ቢሆን ደሙን የሚመጥጠውን ነገር ከውጭ ነው የሚያስመጣው። ስለዚህ ሱቅ ላይ ያለው ዋጋ ከዶላር አያመልጥም።

ታጥቦ የሚደገመው ዓይነት አንዱ መውጫ ነው። እዚህ ላይ የፍሬወይኒ መብራህቱ ስም ይነሳል። በኬሚካል ምህንድስና የተማሩ ሴት ናቸው። የራሳቸውን ንድፍ ሠርተው መቀሌ ላይ ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ መረጣቸው። ምርቱ በአግባቡ ከተያዘ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። ለቤት እጅግ ጥሩ ነው። ለሕዝብ መጸዳጃ ቤት ግን አይሆንም፤ ያገለገለውን ይዛ መሄድ፣ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማስጣት አለባት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማጠቡም ቀላል አይደለም።

ሳጥኑ

ሁለት ዓይነት አቀራረብ አለ። አንዱ ክፍት ቅርጫት ነው። ሌላው አንድ አንድ ፍሬ የሚያወጣ፣ ግድግዳ ላይ የሚታሰር ሳጥን ነው። ሳጥኑ ሰው ለሚበዛበት መንገድ ዳር ይሻላል። ቅርጫቱ ለቢሮና ለቤተ መጻሕፍት ይበቃል። ሁሉም የሚጠይቀው "አንዷ ጠቅልላ ብትወስደውስ?" የሚል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሊሆን ይችላል። ነገ እንደማይኖር የለመደ ሰው ዛሬ ይይዛል። ሁልጊዜ መኖሩ ሲታወቅ ይቀንሳል።

ሒሳቡም አያስፈራም። 100 ሴቶች በሚሠሩበት ቢሮ እያንዳንዷ በወር ለድንገተኛ ጊዜ 2 ብታነሳ 200 ፍሬ ነው። ባለ 10 ፍሬው እሽግ 20 ይበቃል ማለት ነው።

አጠገቡ ክዳን ያለው ቅርጫት ካልተቀመጠ ግን ያገለገለው ሞዴስ ሽንት ቤቱ ውስጥ ይጣላል። ቧንቧው ይደፈናል። ከዚያ "ሴቶቹ አበላሹት" ተብሎ ይቆለፋል። በቅርጫት የተሰበሰበው ወደ ከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ ወደ ረጲ ይሄዳል። እዚያ ቆሻሻ በእጃቸው የሚለዩ ሰዎች አሉ። በወረቀት መጠቅለል ያለበት ያገለገለው ነው፤ አዲሱ አይደለም።

እኔ በምሠራበት ስታዲየም አካባቢ ባለ ቢሮ በየወሩ መዋጮ እናደርጋለን። መጀመሪያ ሞዴሱን ያስቀመጥነው ጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ነበር። በሦስት ወር አንድ እሽግ እንኳ አላለቀም። አያስፈልግም ማለት ነው ብለን ልንተወው ነበር። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ "እስቲ ውስጥ አድርጉት" አለችን። ቅርጫቱን መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ፣ ከሶፍቱ ጎን አስቀመጥነው። በሳምንቱ ባዶ ሆነ። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ጠዋት እንሞላዋለን። የምትሞላው እሷ ናት።