ከክላውድ ወደ ክላውድ፦ ደብረ ብርሃን ሆኖ ዳታና የኮንቴይነር ኢሜጅ ማዛወር

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እዚህ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ፕሮግራመር ዳታው ያለው ግን ባሕር ማዶ፣ ክላውድ በሚባለው በኢንተርኔት በሚከራይ የኮምፒውተር አገልግሎት ላይ ነው። በአህጉራችን እንኳ የአማዞን ክላውድ ማዕከል ኬፕ ታውን፣ የማይክሮሶፍትና የጉግል ደግሞ ጆሃንስበርግ ናቸው። ታዲያ ዳታውን ከአንዱ ክላውድ ወደ ሌላው ማዛወር ቢያስፈልግ በምን ይሻገራል?

ብዙ ሰው ወደ ላፕቶፑ አውርዶ መልሶ ሊጭን ያስባል። ሒሳቡን እንየው። መስመሩ ሳይቆራረጥ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ቢሰጥ እንኳ፣ 1 ቴራባይት ለማውረድ ብቻ 9 ቀን ከ6 ሰዓት ይፈጃል። መጫኑ ገና ነው። መሐል ላይ መብራት ከጠፋማ አለቀ። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ደግሞ የሰው ምስጢር አብሮ ይሄዳል።

የሚሻለው ከሁለቱ ክላውዶች በአንዱ ላይ ሰርቨር ተከራይቶ ሥራውን እዚያ ማስነሳት ነው። ለፋይል አርክሎን፣ ለኮንቴይነር ኢሜጅ (ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የታሸገበት ጥቅል) ስኮፒዮ የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ስኮፒዮ የተለመደውን የኮንቴይነር ማስኬጃ ዶከርን ሳይፈልግ ኢሜጁን ከሬጅስትሪ (ከኢሜጅ ማከማቻ) ወደ ሬጅስትሪ ያሻግራል። ከላፕቶፕ ላይ ካስነሱት ግን ዳታው በዚያው በቀጭኑ መስመር ያልፋል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሰርቨሩ ላይ ቲመክስ በተባለ ፕሮግራም ውስጥ ከተጀመረ የእኛ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም።

በመንገድ ላይ ዳታውን የሚጠብቀው ቲኤልኤስ የተባለው የኢንተርኔት ግንኙነት ማመስጠሪያ ነው። ክላውዱ ፋይሉን ያመሰጠረበት ቁልፍ ግን አብሮ አይጓዝም። መነሻው ፈትቶ ይሰጣል፣ መድረሻው በራሱ ቁልፍ እንደገና ይቆልፋል። የታካሚ ወይም የተማሪ መዝገብ ከሆነ አስቀድሞ በራስ ቁልፍ ማመስጠር ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የግል ዳታ ከአገር ሲወጣ ሊሟሉ የሚገባቸውን ሁኔታዎች ስለሚደነግግ፣ እሱንም ማንበብ ነው።

ኢሜጅ የራሱ ጣጣ አለው። በንብርብር የተሠራ ነው። አንዱ ንብርብር ላይ የገባ የይለፍ ቃል በሚቀጥለው ላይ ቢሰረዝም ከሥር ተቀምጧል፤ ኢሜጁን ያገኘ ሁሉ ያወጣዋል። ታግ የሚባለው የኢሜጁ ስያሜም አያስተማምንም። ዛሬ «ሌተስት» የተባለው ነገ ሌላ ኢሜጅ ሊሆን ይችላል። የሚታመነው ዳይጀስቱ ነው፦ ኤስኤችኤ-256 በተባለ ስሌት ከይዘቱ የሚወጣ፣ በ64 ፊደልና አኃዝ የሚጻፍ መለያ (ሃሽ)። ከይዘቱ አንዲት ቢት ብትቀየር ይለወጣል።

ወጪውም አለ። ዳታ ከክላውድ ሲወጣ ያስከፍላል፣ ያውም በዶላር። ጉግል፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት በ2024 እ.ኤ.አ. ጨርሶ ለሚለቅ ደንበኛ ይህን ክፍያ በቅድመ ሁኔታ እንደሚያነሱ አስታውቀዋል። ስለዚህ ከመጀመር በፊት መጠየቅ ነው።

ለሥራው የሚሰጠው ፈቃድ ከመነሻው ማንበብ፣ በመድረሻው መጻፍና ለማመሳከር ማንበብ ብቻ ይሁን፤ የጊዜ ገደብም ይኑረው። ሲያልቅ ቆጥሮ መረከብ ነው። ሁለቱ ክላውዶች በአንድ ዓይነት ስሌት የወጣ ሃሽ ከሌላቸው አርክሎን የፋይሎቹን መጠን ብቻ ያወዳድራል። ያን ጊዜ ይዘቱን እያነበበ እንዲያመሳክር ማዘዝ ያስፈልጋል። መነሻው ላይ ያለው የሚሰረዘው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።