ኡቲ ፖሲዴቲስ ምንድን ነው? የካይሮው ውሳኔ ያልከለከለው ነገር

የኤርትራም ሆነ የደቡብ ሱዳን ነፃነት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 ካይሮ ላይ ያሳለፈውን ውሳኔ ይጥሳል የሚል ተንታኝ በየጊዜው ይነሳል፤ ክርክሩን ለማጠንከርም ኡቲ ፖሲዴቲስ የሚለውን የላቲን ስም፣ ማለትም ነፃ የወጣ አገር በዕለቱ የነበረውን ወሰን ይዞ ይቀጥላል የሚለውን መርህ፣ ይጠቅሳል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መርሁ ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ግዛቱ ነፃ አገር በሆነበት ዕለት ወሰኑ የትኛው መስመር ነበር? ማን ይገንጠል፣ ማን አይገንጠል የሚለው የሌላ ሕግ ጉዳይ ነው።

የካይሮው ውሳኔ አጭር ስለሆነ አንብቦ መጨረስ ጊዜ አይወስድም። አባል አገሮች ነፃነታቸውን ሲቀዳጁ የነበረውን ወሰን ለማክበር ቃል ይገባሉ ይላል። ቃሉ የተገባው አገር ለአገር ነው፤ ጎረቤት የጎረቤቱን መሬት በጉልበት እንዳይወስድ። ሶማሊያና ሞሮኮ ያልተቀበሉትም ከወሰናቸው ማዶ የሚጠይቁት መሬት ስለነበራቸው ነው። ሐሳቡን ለጉባኤው ያቀረቡት ጁሊየስ ኔሬሬ ደግሞ ከሦስት ወር በፊት፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1964፣ ታንጋኒካንና ዛንዚባርን አዋህደው ነው ካይሮ የገቡት። ሁለት ነፃ አገሮች ተስማምተው አንድ ሲሆኑ በመካከላቸው የነበረው ዓለም አቀፍ ወሰን ይጠፋል፤ ይህን ማንም የውሳኔው ጥሰት ብሎት አያውቅም።

መርሁን በደንብ ያብራራው የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ችሎት ነው፤ በቡርኪና ፋሶና በማሊ ክርክር ዲሴምበር 22 ቀን 1986 በሰጠው ፍርድ። ችሎቱ መርሁን ከፎቶግራፍ ጋር ያመሳስለዋል፦ በነፃነት ዕለት የነበረውን ይዞታ ያነሳል፣ ሰዓቱን ያቆማል፣ ወደ ኋላ ግን አያዞርም። ብዙው ስህተት የሚመጣው ፎቶግራፍ ምን እንደሆነ ከመርሳት ነው። ፎቶግራፍ የተነሳበት ቀን አለው። በፎቶው ላይ ያለው ሁሉ በትክክለኛ ቦታው ተቀምጧል ማለት አይደለም፤ የተነሳው ሰውም ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም ማለት አይደለም።

ቀኑን የሳተ ክርክር ሁሉ ይፈርሳል። ክሪሚያ ከሩሲያ ወደ ዩክሬን ሪፐብሊክ የተዛወረችው በ1954 ነው፤ ፎቶው የተነሳው ግን ሶቪየት ኅብረት በፈረሰችበት በ1991 ነው። ስለዚህ 1954ን መልሶ መክፈት የችሎቱን ሰዓት ወደ ኋላ ማዞር ይሆናል። ለደቡብ ሱዳን የተወሰደው ቀን ጃንዋሪ 1 ቀን 1956፣ ሱዳን ነፃ የወጣችበት ዕለት ነው። የ2005ቱ የሰላም ስምምነት የሰሜንና የደቡብ መለያ ያደረገው በዚያ ቀን የነበረውን የአስተዳደር መስመር ነው፤ በ2011 ዓለም አቀፍ ወሰን የሆነውም እሱ ነው። መርሁ መገንጠሉን አላገደም፣ አልፈቀደምም። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ በኋላ መስመሩን አቀረበ።

ዩጎዝላቪያም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ የሕግ ጥያቄዎችን እንዲመልስ በአውሮፓ ማኅበረሰብ የተቋቋመው የባዲንተር ኮሚሽን በጃንዋሪ 1992 የሪፐብሊኮቹ የውስጥ ወሰኖች ወደ ዓለም አቀፍ ወሰንነት እንደሚቀየሩ፣ ያለ ስምምነትም እንደማይለወጡ አሳወቀ። እዚህ ላይ የደረጃ ጉዳይ አለ። ኮሶቮ ሪፐብሊክ ሳይሆን በሰርቢያ ሥር ያለ ክፍለ ግዛት ስለነበር መስመሩ በዚያ መልስ አልተሸፈነም። የአስተዳደር መስመር ሁሉ እኩል አይደለም፤ የወረዳ ወሰን እየጠቀሱ ኡቲ ፖሲዴቲስ የሚሉ ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ሌላው ችግር የፎቶው ጥራት ነው። ላይኛው ቮልታ (የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ) በ1932 ፈርሳ በ1947 በ1932ቱ ወሰኗ እንደገና ስለተቋቋመች፣ ችሎቱ የፈረንሳይ አስተዳደር ደብዳቤዎችንና ትእዛዞችን አንድ በአንድ መመርመር ነበረበት። ካርታ ብቻውን የባለቤትነት ሰነድ አይሆንም፤ ክብደት የሚያገኘው ከይፋዊ ሰነድ ጋር ሲያያዝ ነው። ሱም የሚባለው ኩሬ ላይ ሲደረስ መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚናገር ሰነድ አልተገኘምና ችሎቱ ኩሬውን እኩል ለሁለት ከፈለው።

በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከልም የነበረው ጣጣ ይህን ይመስላል። የ1902ቱ ውል መስመሩ ከሰቲት (ተከዜ) ወንዝ ተነስቶ ማይ እተብ የሚባለውን ወንዝ ይዞ፣ መረብ ከማይ አምበሳ ወደሚገናኝበት እንዲሄድ ይላል፤ የኩናማ ሕዝብ በኤርትራ በኩል እንዲሆንም ያዝዛል። ውሉ ላይ ያለው ወንዝ የትኛው ነው? ኢትዮጵያ ወደ ምዕራብ ያለውን አለች፤ ኤርትራ ወደ ምሥራቅ ያለውን። የባድመ ዕጣ የተንጠለጠለው በዚህች የወንዝ ስም ላይ ነበር። የ1908ቱ ውል ደግሞ ከባሕር ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ዳርቻው ሲጠማዘዝ ልኬቱ ከየት ይጀምራል? መስመሩን በመሬት ላይ ሊያሰፍሩ የሚገባቸው ልዑካን ሥራውን ሳይሠሩት ቀርተዋል። የ1964ቱን ውሳኔ አሥር ጊዜ ብናነብ ወንዙን አያሳየንም።

ለኢትዮጵያ ደግሞ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ሦስቱ ውሎች፣ የ1900፣ የ1902 እና የ1908፣ ነፃ የነበረችው ኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር የፈረመቻቸው ናቸው። ኢትዮጵያ ከቅኝ ገዢ የወረሰችው የአስተዳደር መስመር አልነበረም። ስለዚህ በጥብቅ ሲታይ ጉዳዩ የወሰን ውል በአገር መተካካት (አንዱ አገር በሌላው ቦታ ሲተካ) አይፈርስም ወደሚለው ሕግ ይጠጋል። ጣሊያን በ1935 ስለወረረን ውሎቹ ፈርሰዋል የሚለው ክርክርም መልስ የሚያገኘው ከመርሁ ሳይሆን ከዲሴምበር 2000ው የአልጀርስ ስምምነት ነው። ስምምነቱ የካይሮውን ውሳኔ ያነሳል፤ ለድንበር ኮሚሽኑ የሰጠው ሥራ ግን በነዚያው ሦስት ውሎችና በዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት እንዲያካልል ነው። በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ መስሎ በታየው መንገድ፣ የመወሰን ሥልጣንም በግልጽ ነፍጎታል። በኮሚሽኑ የአፕሪል 2002 ውሳኔ መስመሩ ከባድመ በስተ ምሥራቅ እንዲያልፍ ያደረጉት እነዚህ ውሎች የተተረጎሙበት መንገድና ሁለቱ መንግሥታት ያኖሩት ፊርማ ናቸው።