«ያደገ ሁሉ ይወርዳል»? ስለ አዳጊ ክለቦች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ነሐሴ ላይ ፕሪሚየር ሊጉ ሊጀመር ሲል ዲኤስቲቪ ቤት ያለው ወሬ ያው ነው። ከቻምፒዮንሺፕ (ከሁለተኛው የእንግሊዝ ሊግ) ያደጉት ሦስት ክለቦች ኳስ ሳይነኩ «ወርደዋል» ይባላሉ።

«ሦስቱም ተመልሰው ይወርዳሉ።»
ወሬው የጠነከረው በ2023/24 እና በ2024/25 ነው፤ ሁለቱንም ዓመት ያደጉት ሦስቱም ወርደዋል። ከዚያ በፊት ግን ይህ በሊጉ ታሪክ የሆነው አንዴ ብቻ ነው፣ በ1997/98። በ2022/23 ደግሞ ፉልሃም፣ በርንማውዝ እና ኖቲንግሃም ፎረስት ሦስቱም ተርፈዋል። ይህን የሚያነሳ የለም።

«በፕሌይ ኦፍ የመጣ ቀድሞ ይወርዳል።»
ሲሰሙት ያሳምናል። ፕሌይ ኦፍ ለሦስተኛው የማደጊያ ቦታ የሚደረግ ጥሎ ማለፍ ነው፤ በዚያ የሚያድገው ደረጃው ከሌሎቹ ሁለቱ ያንሳል፣ ፍጻሜውም ግንቦት መጨረሻ ስለሆነ ለዝውውር ጊዜ ያጥረዋል። ግን ክሪስታል ፓላስ በ2013 በፕሌይ ኦፍ ነው ያደገው፤ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2025 የኤፍኤ ካፕን በላ። ብሬንትፎርድ እና ፎረስትም የመጡት በዚሁ በር ነው። ኖርዊች ግን በ2019 እና በ2021 የቻምፒዮንሺፕን ዋንጫ በልቶ አደገ፤ ሁለቴም 20ኛ ሆኖ ወረደ። በርንሌይ በ2023 በ101 ነጥብ አድጎ ላይ፣ ፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ፣ ያገኘው 24 ነው። ታች ኳስ ይዞ ተጋጣሚን ያስጨንቅ ነበር፤ ላይ ያንኑ ሲሞክር ከራሱ ግብ ፊት ኳስ እየተነጠቀ ገባበት። አሰልጣኙ ቪንሴንት ኮምፓኒ ግን ከዚያ ወደ ባየርን ሙኒክ ሄደ። ኳስ እንዲህ ናት!

«40 ነጥብ ከሞላ አበቃ፣ አይወርድም።»
ዌስትሃም በ2002/03 በ42 ነጥብ ወርዷል። ፎረስት በ2023/24 4 ነጥብ ተቀንሶበት እንኳ በ32 ተርፏል።

«የመጀመሪያውን ዓመት ካለፈ ተደላደለ።»
በጣም የሚሸውደው ይሄ ነው። ኢፕስዊች በ2000/01 5ኛ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ወረደ። ሼፊልድ ዩናይትድ በ2019/20 9ኛ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው 20ኛ። ምን ተፈጠረ? በውሰት የነበረው ግብ ጠባቂ ዲን ሄንደርሰን ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ተመለሰ። ከተከላካይ መስመር ወጥቶ ማጥቃቱን የሚያግዘው ጃክ ኦኮነል ደግሞ ገና በጅማሬው በጉልበት ጉዳት ሲዝኑ አለቀበት። ጨዋታው የቆመው በእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ነበር፤ የሚተካ አልነበረም።

«የወረደ ገንዘብ ስላለው በቶሎ ይመለሳል።»
ወራጅ ክለብ ከሊጉ የቴሌቪዥን ገቢ እስከ 3 ዓመት ድጎማ ያገኛል፤ አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ ከወረደ 2 ዓመት። ጥቅሙ አይካድም። ሉተን ግን ብሩን እየተቀበለ በ2025 ከቻምፒዮንሺፕም ወርዶ ሦስተኛው እርከን ሊግ ዋን ገባ።