ከዋይፋይ ስም ኋላ ያለው «5ጂ» ምንድን ነው?

ሐረር፣ በግንብ በታጠረችው በአሮጌዋ ከተማ በጁገል ውስጥ የሚኖር ጎረቤቴ አዲስ ራውተር አስገባና ስልኩ ላይ ሁለት ስም መጣለት። አንዱ መጨረሻው ላይ «5ጂ» ይላል። «አቦ፣ ፋይቭ ጂ ገባልኝ!» አለኝ።

አልገባለትም። የሞባይሉ «ጂ» ትውልድ ማለት ነው፤ የራውተሩ «ጂ» ደግሞ ጊጋኸርዝ፣ የሞገድ ድግግሞሽ መለኪያ። ያ ስም ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚያሰራጨው ዋይፋይ ነው፣ ሌላው በ2.4። ከውጭ የሚገባው መስመር ግን አንድ ነው። የከፈሉት ለ10 ሜጋ ከሆነ በየትኛውም ስም ቢገቡ ከ10 አያልፍም።

ልዩነቱ ግድግዳ ላይ ይታያል። 5 ፈጣን ነው፣ ግን ግንብ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል። 2.4 በፍጥነት ቢያንስም ግድግዳ አልፎ ራቅ ወዳለ ክፍል ይደርሳል። ችግሩ መጨናነቁ ነው፤ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎቹ (ሞገዱ የሚከፋፈልባቸው ክፍሎች) ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ብሉቱዝም ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው ሰፈር ናቸው። ድሬዳዋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ራውተሮች ሲደራረቡ ይህ ያስመርራል። የሐረር የድንጋይ ቤት በዚህ በኩል ታድሏል፤ የእናንተን ሞገድ የሚያስቀረው ወፍራም ግንብ የጎረቤትንም ያስቀርላችኋል።

የጎረቤቴ ራውተር የት ነበር መሰላችሁ? ከነደባው፣ ማለትም በሐረሪ ቤት ውስጥ ከሚቀመጡበት ከፍ ያለ መደብ፣ በላይ፣ ግንቡ ውስጥ ተቦርቡሮ በተሠራው መደርደሪያ፣ ግድግዳው ላይ በተደረደሩት የኢናሜል ሳህኖች መሃል። ያምራል፤ ነገር ግን ከኋላና ከጎን ድንጋይ፣ ዙሪያውን ብረት ነው። ኢናሜል ከላይ ቀለም ቢመስልም ውስጡ ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ ሞገድን ይመልሳል። የፊት መስተዋትም እንደዚያው።

እንዲህ ባለ ቤት ራውተሩን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ግቢው የሚከፈተውን በር በሚያይ ቦታ መስቀል ይሻላል፤ ሞገዱ ግንቡን ከሚታገል በበሩ ይወጣል። አንቴናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ሞገዱ ወደ ጎን ይሰፋል፣ በጫፉ አቅጣጫ ግን ደካማ ነው። ፎቅ ላይ ክፍል ካለ አንዱን አንቴና አጋድሙት። ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ፊልም ለማየት 5ን ምረጡ፤ ከግቢው ማዶ ላለው ክፍል 2.4ን።

ጎረቤቴ በሩ አጠገብ ሰቅሎታል። ከግቢው ማዶ የሚጠቀመው በ2.4 ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ግን አሁንም «5ጂ» የሚለውን ነው የሚያሳየው።