አዝማሪነት፦ አንድ ጭራ፣ ሺ ግጥም

አዝማሪ ማለት ባጭሩ ማሲንቆውን ይዞ ከሰርግ ሰርግ፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት እየዞረ ግጥሙን እዛው እየፈጠረ የሚዘፍን ባለሙያ ነው፣ ግጥሙም ዜማውም ጨዋታውም አንድ ሰው ላይ። ዛሬ "ግጥምና ዜማ የራሱ" ተብሎ አልበም ላይ እንደ ትልቅ ነገር የሚጻፈው ለአዝማሪ ድሮም የቀን ስራው ነበር፣ ያውም እሱ ስቱዲዮ ገብቶ ስድስት ወር አያስብበትም፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰውዬ አየት አድርጎ በግማሽ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ቃሉ የመጣው ከግዕዙ "ዘመረ" ነው፣ ስለዚህ መዝሙርና መዘምር ከሚሉት ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ግን አንዱ ቤተክርስቲያን ቀረ አንዱ ጠጅ ቤት ገባና ወንድማማችነታቸው ተረሳ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ "አዝማሪ" ማለት ስድብም ነበር፣ ለአዝማሪ ልጁን የሚድር ጨዋ የሚባል ቤተሰብ ብዙም አይገኝም ነበር፣ በሌላ በኩል ግን ያለ አዝማሪ የሚያምር ሰርግ የለም። ስለዚህ ሙያው በዘር ነው የቆየው፣ ጎንደር፣ ጎጃም፣ ወሎና ሸዋ ውስጥ ልጅ ከአባቱ ስር ስር እያለ፣ እናቱ ስትዘፍን ከበሮ እየመታ ያድጋል። እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበት የምስጢር ቋንቋም አላቸው፣ እንግዳው ፊት ቆመው ስለ እንግዳው ኪስ ይመካከሩበታል እሱ ምንም ሳይገባው። ለኔ ከሙያው ጥቅማጥቅሞች አንደኛው ይሄ ነው።

መሳሪያው ስታዩት ምንም አይመስልም። አራት ማዕዘን ሆኖ ጫፉ ላይ የቆመ የእንጨት ሳጥን፣ ሁለቱም ፊቱ በቆዳ የተወጠረ፣ ረጅም እጀታ፣ አናቱ ላይ አንድ መቃኛ፣ እና አንድ ክር። ክሩ ደግሞ አንድ ክር አይደለም፣ ብዙ የፈረስ ጭራ አንድ ላይ የታሰረ ነው፣ ደጋኑም እንደዛው የፈረስ ጭራ፣ ስለዚህ ጭራ በጭራ እያፋተግክ ነው የምትጫወተው እና እጣን ወይ ሙጫ ካልቀባኸው ዝም ይላል። ጣቶቹ ክሩን እንደ ጊታር እንጨት ላይ አይጫኑትም፣ ከጎን ነካ ነካ ነው የሚያደርጉት፣ ድምፁ እንደ ሰው የሚያለቅሰው ለዛ ይመስለኛል። በዚህች አንድ ጭራ ነው እንግዲህ ትዝታውም ባቲውም አምባሰሉም አንቺ ሆዬውም የሚወጣው፣ አራቱም ቅኝቶች በአምስት በአምስት ድምፅ ናቸው። አምባሰልና ባቲ እኮ ወሎ ውስጥ ያሉ የቦታ ስሞች ናቸው፣ አምባሰል በማሪቱ ለገሰ ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ቦታውን ያላየ ሰው ራሱ ያየ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ "ተቀበል" ወደሚባለው። ሌላ ዘፋኝ መድረክ ላይ ሆኖ አንተ ታዳምጣለህ፣ አዝማሪ ጋ ግን አንተም ገጣሚ ነህ። ሁለት መስመር ከመጣልህ "ተቀበል!" ብለህ ትወረውርለታለህ፣ እሱ ቃልህን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፣ ቤት ካልመታልህ ሳያሳፍርህ አቃንቶ ይዘፍነዋል፣ ሰውም አንተ እንደዛ አሳምረህ ያልከው ይመስለዋል። ለሚስትህ በአፍህ ያላልከውን፣ ለአለቃህ የማትደፍረውን፣ ለቀድሞ ፍቅረኛህ አዲሱ ባሏ አጠገቧ እያለ የምትልከውን ሁሉ በሱ አፍ ትላለህ፣ እሱም ምን አገባኝ ተቀበል ተብዬ ነው ይላል። ከዛ ደግሞ የራሱ ይመጣል። አንዱን ምሽት ካዛንቺስ ነኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር ጥግ ላይ ተደብቀን ተቀምጠናል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ለብቻዋ ትንሽ አስጮሃት፣ (ያቺ ያለ ዘፈን የምትጮህባት ጊዜ ለኛ ማሳመሪያ ትመስለናለች እንጂ እሱ ግጥሙን የሚቋጥርባት ናት) አይኑን እኔ ላይ ተከለና፦

መነጽር አድርጎ ሩቁን ያያል፣
ኪሱ ጎኑ ሳለ ለእጁ ይርቀዋል።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምን ይደረጋል፣ ተነስቼ ሃምሳ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት፣ እሱ ላቡ ላይ ተጣብቃ እያለች ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደ። ሰድቦህ የምትከፍለው፣ ያውም ደስ ብሎህ የምትከፍለው ሰው ሌላ የት አለ? የሸለምከው ካነሰው ደግሞ ሰምና ወርቁን ያመጣዋል፦

ተቀበል ተቀበል ሌት ሙሉ ብትሉኝ፣
ምን እቀበላለሁ ምንም ሳትሰጡኝ።

ሰሙ ግጥም ስጡኝና ልቀበል ነው፣ ወርቁ ብር ነው፣ ማንም ግን ለምኖኛል ብሎ ሊከሰው አይችልም። ይሄን ነገር ቅኔ ቤት ገብተው ብዙ አመት የተማሩ ሰዎች ይተነትኑታል፣ እሱ ግን ትምህርት ቤት በር ሳይረግጥ እየሳቀ ያደርገዋል።

ብዙ ጊዜ ወንዱ ማሲንቆውን ይይዛል፣ ሴቷ ደግሞ ትዘፍናለች፣ ከበሮ ትመታለች፣ እስክስታውን ትወርደዋለች። ባልና ሚስት ሲሆኑ ደግሞ እንግዳ ፊት በግጥም ይነቃቆራሉ፣ እውነተኛ ጠብ ይሁን ጨዋታ ማንም አያውቅም። ስራው ወቅት አለው፣ ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ እንቅልፍ የለም፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይደራል፣ አብይ ፆም ሲገባ ግን ማሲንቆዋ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች፣ ባለ እርሻ የሆነው ወደ እርሻው ይሄዳል።

ከአዝማሪ ጋር የሚምታቱ ሌሎች አሉ፣ ላሊበላ ወይም አሚና የሚባሉት። እነሱ ማሲንቆ አይዙም፣ ሌሊት ጎህ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው ባልና ሚስት ሆነው በድምፃቸው ብቻ ያዜማሉ፣ ስም ጠርተው ያወድሳሉ፣ ሲሰጣቸው መርቀው ይሄዳሉ። መዝፈን ካቆሙ ቆምጥና ይይዛቸዋል የሚባል እምነት ነበር። አዝማሪ ማታ እንዳትተኛ ያደርግሃል፣ ላሊበላ ደግሞ ጠዋት ይቀሰቅስሃል፣ ልዩነቱ እንደዛ ነው ብላችሁ ያዙት።

ድሮ መኳንንቱ ያለ አዝማሪ ግብርም አያበሉ ዘመቻም አይወጡ ነበር። ጌታውን ያሞግሳል፣ ግን ሲያሞግስም መርፌ ትኖርበታለች፣ ህዝቡ ምን እንደሚል ከሱ ነው የሚሰማው። ይሄ ነገር ዋጋም አስከፍሏል፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያን ህዝቡን ያነሳሳሉ ብሎ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮችና ከባህታውያን ጋር እያሳደደ ገድሏል። አንድ ጭራ ይዞ የሚዞር ሰው መድፍ ያለውን ሰራዊት እንዴት እንዳስፈራ አስቡት።

ሸክላ ላይ ደግሞ ድምፃችን ቀድሞ ከገባባቸው አንዱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፣ ባለማዕረግ ሆነው በግጥማቸው የታወቁ፣ እ.ኤ.አ. 1908 አካባቢ አፄ ምኒልክ ስለ መኪና እንዲማሩ ጀርመን ቢልኳቸው መኪናውንም ተምረው ዘፈናቸውንም አስቀርፀው ተመለሱ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲቋቋም ማሲንቆ ከክራር፣ ከዋሽንትና ከበገና ጋር መድረክ ላይ ተቀመጠች፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበም እዛ ሰርቷል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ማሲንቆ ያስተምራል፣ ስለዚህ ዛሬ ከአባቱ ሳይወርስ በሰርተፊኬት የሚጫወትም አለ። ቴክኒኩ አሪፍ ነው፣ ቀልዱን ግን ክፍል ውስጥ የሚማሩት አይመስለኝም።

በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር የማታ ስራ ሞቶ ነበር ማለት ይቻላል፣ አዝማሪ ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት አፉ አይፈታም። በ1983 ዓ.ም. መንግስት ተቀይሮ ሌሊቱ ሲከፈት አዝማሪ ቤቶች በአንዴ ፈሉ፣ ከሁሉም ካዛንቺስ። ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳ ዙሪያ ዱካ፣ ሳር ጉዝጓዝ፣ መሃል ላይ አዝማሪው። ፈንድቃ ከነዚህ አንዱ ነበር፣ መላኩ በላይ እዛ ለሽልማት ብቻ እየጨፈረ ጀምሮ ኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ የባህል ማዕከል አደረገው፣ ኢትዮከለር የሚባለውን ባንድ ይዞም አለምን ዞረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ፈንድቃም ሌሎቹም ከሰፈሩ ተነሱ። ባህር ዳርና ጎንደር ውስጥ ግን ቤቶቹ አሉ፣ ዋሽንግተንና ቴላቪቭ ያሉ ሀበሾችም ሰርግ ሲደግሱ ማሲንቆ የያዘ ሰው መፈለጋቸውን አልተዉም፣ ልዩነቱ እዛ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ዶላርና ሼቅል መሆኑ ነው።

ያን ምሽት እኛ የወጣነው መጨረሻ ላይ ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ አዝማሪው ማሲንቆዋን ከረጢት ውስጥ ሊከት ሲል አስተናጋጇ ብርሌዎቹን እንደያዘች ባንኮኒው ጋ ቆመችና ቀስ ብላ "ተቀበል" አለችው። ጎንበስ ብሎ ሰማት፣ ሳቅ አለ፣ ማሲንቆዋን መልሶ አወጣና ሂሳብ ወደሚቆጥረው ባለቤት ዞሮ፦

ሌሊቱን በሙሉ ብርሌ ሳነሳ፣
የታክሲዬን ነገር ጋሽዬ እንዳትረሳ።

ሰውዬው ቀና ሳይል ሁለት መቶ ብር ከመሳቢያው አወጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት፣ ከዛ ትንሽ አሰበና ሌላ አምሳ ብር አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ።