«ዪልድ» ምንድን ነው? ባለሀብቶችስ ስለ አዲስ ፕሮሰሰር የሚነገረውን ቃል ቶሎ የማያምኑት ለምንድን ነው?

አንድ የቺፕ አምራች መድረክ ላይ ወጥቶ አዲሱን ፕሮሰሰር ከፍ አድርጎ ሲያሳይ አዳራሹ ያጨበጭባል። አክሲዮን የገዛ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ አለው፦ «ዪልዱ ስንት ነው?»

ዪልድ ማለት ከተመረቱት ቺፖች ውስጥ ደህና ሆነው የወጡት ድርሻ ነው። ቺፕ አንድ በአንድ ተነጥሎ አይመረትም። ዋፈር የሚባል ክብ የሲሊኮን ዝርግ አለ፤ ዛሬ የተለመደው ከዳር እስከ ዳር 300 ሚሊሜትር ነው። ብዙ ቺፖች አንድ ላይ እዚያ ላይ ይሠሩና ኋላ ተቆርጠው ይለያያሉ። በሥራው መሃል ለዓይን የማትታይ ብናኝ ካረፈች ያረፈችበት ቺፕ ሊበላሽ ይችላል። ቺፑ ትልቅ በሆነ ቁጥር ደግሞ ጉድለት የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እንበልና አንድ ዋፈር 10,000 ዶላር ይፈጃል፤ 200 ቺፕም ይወጣዋል። 160ዎቹ ደህና ከሆኑ አንዱ በ62.50 ዶላር መጣ ማለት ነው። ደህናዎቹ 40 ብቻ ከሆኑ ግን አንዱ 250 ዶላር ገባ። ፍጥነቱ ያው፣ ቺፑም ያው። ትርፉ ግን ተበላ።

የቺፕ አምራቹን ኢንቴልን ያየ ሰው ይህን አይረሳም (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የ10 ናኖሜትር ቴክኖሎጂው (ናኖሜትሩ የአመራረቱ ትውልድ መጠሪያ ነው) ቀን ደጋግሞ ተገፋ። በ2018 መጀመሪያ «መላክ ጀምረናል» ተባለ። እውነት ነው፣ ተልኳል። ገበያ ላይ የታየው ግን ሁለት ኮር (የማስሊያ ክፍል) ብቻ ያለው፣ ግራፊክሱም (ምስል የሚያወጣው ክፍል) የተዘጋ አንድ ፕሮሰሰር ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ኩባንያው ዪልዱ አለመስተካከሉን ተናግሮ የብዛት ምርቱን ወደ 2019 ገፋው። በሐምሌ 2020 ደግሞ የ7 ናኖሜትሩ ዪልድ ከታቀደው 12 ወር ያህል ወደኋላ እንደቀረ አስታወቀ። በማግስቱ አክሲዮኑ 16 በመቶ ገደማ ወረደ።

ስለዚህ ጥርጣሬው ክፋት አይመስለኝም። የሚሠራ አንድ ናሙና ማሳየትና በሚሊዮን አምርቶ ማትረፍ ለየቅል ናቸው። ችግሩ አምራቾች የዪልድ ቁጥራቸውን እምብዛም አይናገሩም። ባለሀብቱ በዙሪያው ካሉ ምልክቶች ይገምታል፦ ቀኑ ተገፋ ወይ? ሌሎች ኩባንያዎች ፋብሪካውን አምነው ትዕዛዝ ሰጡ ወይ? ከሁሉም በላይ ግን የትርፍ ህዳጉን፣ ማለትም ከሽያጩ ወጪ ተቀንሶ የሚተርፈውን ድርሻ፣ ማየት ይሻላል። ቁጥሩ ቢደበቅም ወጪው እዚያ ይታያል።

በ2025 መጨረሻ ኢንቴል 18ኤ በተባለው ቴክኖሎጂው ፓንተር ሌክ የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያመርት የፋይናንስ ኃላፊው ዴቪድ ዚንስነር ነገሩን በግልጽ አስቀምጠውታል፦ ዪልዱ ለአቅርቦት ይበቃል፤ ተገቢውን የትርፍ ህዳግ ለማምጣት ግን ገና ነው።