የጃይፑር ጃንታር ማንታር እና እድሳቱ

ጃንታር ማንታር በህንድ የራጃስታን ግዛት ዋና ከተማ በጃይፑር የሚገኝ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ፈለክ መመልከቻ ነው። ያሠሩት የከተማዋ ቆርቋሪ ንጉሥ ዳግማዊ ሳዋይ ጃይ ሲንግ ሲሆኑ፣ በዴልሂ፣ በኡጃይን፣ በቫራናሲና በማቱራም መሰል መመልከቻዎችን አቁመው ነበር። የማቱራው ዛሬ የለም።

ንጉሡ በናስ መሣሪያዎች አልረኩም። መጠናቸው አነስተኛ ስለሆነ ደቃቅ ልኬት መያዝ አይችሉም፤ ዘንጋቸውም እያደር ይበላል። ስለዚህ መሣሪያዎቹን በድንጋይና በኖራ አግዝፈው አስገነቡ። ትልቁ ሳምራት ያንትራ የተባለው የፀሐይ ሰዓት ሲሆን፣ 27 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ግንብ ነው። ተዳፋቱ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ ነው። ጥላው በግራና በቀኝ ባሉት ቅስቶች ላይ በየሴኮንዱ አንድ ሚሊሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ዐይኑን ተክሎ ለሚያይ ሰው እንቅስቃሴው ይታወቃል። ሆኖም ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ክብ ስለሆነች የጥላው ጠርዝ በሴንቲሜትሮች ስፋት ይደበዝዛል። ግንቡን ከማግዘፍ የሚገኘው ጥቅም በከፊል እዚሁ ላይ ይባክናል።

እድሳቱን ከተራ ግንብ ጥገና የሚለየው ግድግዳው ራሱ መለኪያ መሆኑ ነው። የዲግሪና የደቂቃ ጭረቶች የተቀረጹት በኖራው ልስን ላይ ስለነበረ፣ ልስኑ ሲረግፍ ልኬቱም አብሮ ይጠፋል። ባለሙያ ያልሆነ ለሳኝ ጥቂት ሚሊሜትር ቢያወፍረው ደግሞ ግንቡ አምሮበት ሰዓቱ ይሳሳታል። ከእድሳቶቹ ሁሉ ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1901 በማሃራጃ ዳግማዊ ማዶ ሲንግ ዘመን የተጀመረው ሲሆን፣ እንግሊዛዊው መኮንን አርተር ጋሬትና የሳንስክሪት ሊቁ ቻንድራዳር ጉሌሪ ተሳትፈውበታል። ባለፉት እድሳቶች በብዙ ቦታ ኖራው በእብነ በረድና በቀይ ድንጋይ ተተክቷል። ይህ ለጥንካሬው የሚበጅ ቢሆንም፣ ጎብኚው ዛሬ የሚያነበው ጭረት የጃይ ሲንግ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የዴልሂው ችግር ከእድሳት አቅም በላይ ነው፤ ዙሪያውን የበቀሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ፀሐይዋን ይከልሉበታል። የጃይፑሩ ግን ሰማዩ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በክረምቱ መግቢያ ሙሉ ጨረቃ ቀን የአካባቢው ኮከብ ቆጣሪዎች ሳምራት ያንትራ ጫፍ ላይ ወጥተው ባንዲራ በማውለብለብ የነፋሱን አቅጣጫ ያያሉ፤ ከዚያም የዘመኑን ዝናብ ይተነብያሉ። ለጥላ የተሠራ ግንብ ለነፋስ መዋሉን ጃይ ሲንግ ቢያዩ ምን እንደሚሉ እንጃ!